ስለ ክብደት አንድ ቃል ሳይወጣ የልጅን ክብደት ማስተካከል፦ ከመጀመሪያው ቀን እስከ ሦስተኛው ወር

ብዙ ወላጅ ይህን ነገር የሚጀምረው ከልጁ ነው። «ከዛሬ ጀምሮ ብስኩት የለም፣ ወፍረሃል» ይባላል። ለሁለት ሳምንት ቤቱ ይታመሳል። ልጁ ያለቅሳል፣ አያት ይቆጣሉ፣ አባት በድብቅ ቸኮሌት ይገዛል። ከዚያ ሁሉም ይደክመውና ነገሩ ወደነበረበት ይመለሳል። ልጁ ጋ የሚቀረው «ወፍረሃል» የሚለው ቃል ብቻ ነው።

እዚህ ያለው ቅደም ተከተል የሚጀምረው ከቤቱ ነው። ለልጁ የሚታወጅ ነገር የለም። ለእሱ ብቻ ተብሎ የሚለወጥም የለም። የተጻፈው ከ5 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ከ2 ዓመት በታች ባለ ሕፃን ላይ አትሞክሩት። የሕፃን ወተትና ቅባት አይቀነስም።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ በእርግጥ ችግር አለ?

በዓይን አትፍረዱ። እኛ ዘንድ ድንቡሽቡሽ ያለ ልጅ «ተመችቶታል» ይባላል፣ ቀጠን ያለው ደግሞ «ምን ነካው?» ይባላል። ሁለቱም ያሳስታል።

1. ቁመቱንና ክብደቱን ጤና ጣቢያ ወይም የሕፃናት ሐኪም ዘንድ አስለኩ። ለጉንፋን ወይም ለሌላ ጉዳይ የሄዳችሁበት ቀን ይሁን። «ልትመዘን ነው» ተብሎ አይኬድ።

2. ልጁ ከመግባቱ በፊት ለባለሙያው «ቁጥሩን እሱ ፊት እንዳትናገሩ፣ በኋላ ለእኔ ንገሩኝ» በሉ። ብዙዎቹ በደስታ ይተባበራሉ። ካልጠየቃችሁ ግን ጮክ ብለው ማንበባቸው የተለመደ ነው።

3. ቁጥሩን በአዋቂ ሰንጠረዥ አትመዝኑ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ለምሳሌ የ8 ዓመት ልጅ ቁመቱ 1 ሜትር ከ28፣ ክብደቱ 34 ኪሎ ነው እንበል። 34ን ለ1.28፣ የተገኘውን እንደገና ለ1.28 ስናካፍል 20.8 ይመጣል። ይህ ቢኤምአይ (BMI) የሚባለው፣ ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያመዛዝነው ቁጥር ነው። ለአዋቂ ከ18.5 እስከ 25 ያለው ጤናማ ስለሆነ ወላጅ ይረጋጋል። ለ8 ዓመት ልጅ ግን 20.8 ከፍ ያለ ነው። የልጅ ቁጥር የሚነበበው በዕድሜውና በጾታው ነው፣ ስለዚህ የእድገት ሰንጠረዡን አስነብቡ። አሜሪካ ያላችሁ ሐኪሙ የሚሰጣችሁ ፐርሰንታይል ነው፣ ማለትም በዕድሜና በጾታ ከሚመስሉት 100 ልጆች ስንቱን እንደሚበልጥ የሚያሳይ ቁጥር። ከ85 ጀምሮ 95 እስኪደርስ ከፍ ያለ ክብደት ይባላል፣ 95ና ከዚያ በላይ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነው።

4. ግቡን ከሐኪሙ ጋር ቁረጡ። በማደግ ላይ ላለ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ግቡ ኪሎ መቀነስ አይደለም። ባለበት እንዲቆይ ወይም ቀስ ብሎ እንዲጨምር ማድረግና ቁመቱ እንዲደርስበት መጠበቅ ነው። በዚህ ዕድሜ ልጅ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። ከላይ ያለው ልጅ በዓመቱ 1 ሜትር ከ34 ደርሶ ክብደቱ እዚያው 34 ኪሎ ቢሆን ቁጥሩ ወደ 18.9 ይወርዳል። አንድ ኪሎ እንኳ አልቀነሰም።

ይህን ስሌት ለአባትም ለአያትም አሳዩዋቸው። «ልጁን ልታስርቡት ነው» የሚለው ፍርሃት የሚረግበው ያኔ ነው።

ደረጃ 1፦ አንድ ሳምንት ዝም ብላችሁ እዩ

ምንም አትለውጡ፣ የሳምንቱ ቆጠራ የሚጀምረው ከደረጃ 2 ነው። ማስታወሻ ያዙና ልጁ ሳያይ አራት ነገር ጻፉ፦ ምን ይጠጣል? በምግብ ሰዓቶች መካከል ምን ይበላል? ማን ነው የሚሰጠው? ስክሪን ላይ ስንት ሰዓት ይቆያል?

ሳምንቱ ሲያልቅ ልጁ ሲተኛ ቤት ውስጥ የሚያበላው ሰው ሁሉ ይሰብሰብ። አባት፣ አያት፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ቅዳሜና እሁድ የምትወስደው አክስት። ሠራተኛዋን አትርሱ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ መክሰሱን የምትሰጠው እሷ ናት። ልጁ ሲያለቅስ ዝም ለማሰኘት ብስኩት የምታቀብለው፣ «አስለቀስሽው» እንዳትባል ፈርታ ነው። «ቢያለቅስም አንቺን የሚወቅስሽ የለም» በሏት።

እዚህ ስብሰባ ላይ ከቤቱ የሚወጡ ቃላትን ተስማሙ፦ «ወፍሬ»፣ «ዱባ»፣ «ቦርጭህ»፣ «ዳይት»፣ «ያወፍርሃል»። ለፍቅር ብላችሁ የምትጠሩትም ቢሆን ይቅር። ስለ ራሳችሁ ሰውነትም አታማርሩ። እናት መስታወት ፊት ቆማ «ምን ሆኜ ነው እንዲህ የዘረጠጥኩት!» ስትል ሴት ልጅ ከበሩ ሥር ትሰማለች።

ደረጃ 2፦ መጠጡን ለውጡ (ከ1ኛው እስከ 4ኛው ሳምንት)

ከመጠጥ ጀምሩ። ሌላውን ሁሉ አቆዩት። ትልቁ ለውጥ ብዙ ጊዜ ያለው እዚህ ነው፣ ጠቡም ትንሽ ነው።

300 ሚሊ ሊትር በሚይዝ የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም አካባቢ ስኳር አለ። በሻይ ማንኪያ 7 ወይም 8 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር የሚጨመር ስኳር በቀን ከምግብ ከሚገኘው ጉልበት (ካሎሪ) ከ10 በመቶ እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ነው። ለ8 ዓመት ልጅ ጣሪያው 10 ማንኪያ ገደማ መሆኑ ነው። አሁን የቤታችሁን ሻይ አስቡት። ጠዋት በ3 ማንኪያ፣ ከትምህርት ቤት መልስ በ3 ማንኪያ። ለስላሳ ያልገባበት ቤት እንኳ 6 ማንኪያ ላይ ደርሷል።

ሻይ፦ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ። የመጀመሪያው ሳምንት 2 ተኩል፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 1 ተኩል፣ አራተኛው 1። ለቤተሰቡ ሁሉ፣ ከማሰሮው ጀምሮ። ስኳሩን ገበታ ላይ አታቅርቡ፣ ማዕድ ቤት ጨምራችሁ አምጡት። በአንድ ቀን ከ3 ወደ 1 ካወረዳችሁት ግን የመጀመሪያው ጉንጭ ላይ ይታወቅና ነገሩ ወሬ ይሆናል። ሻዩን ከምግብ ጋር ሳይሆን ትንሽ ቆይታችሁ ስጡ። ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ከምግቡ የሚያገኘውን ብረት ይቀንሳል።

ለስላሳ፦ «ተከልክሏል» አትበሉ። ወደ ቤት መግባቱ ብቻ ይቁም። በካሳ መግዛቱን ተዉ። ለልደት፣ ለሰርግ፣ ለበዓል ሲገኝ ይጠጣ፣ እናንተም ዝም በሉ። ጋዙን የለመደ ልጅ ካለ አምቦ ውሃ ላይ ሎሚ ጨምቃችሁ ስጡት።

ጁስ፦ እዚህ ላይ ጥሩ ወላጆች ይሸወዳሉ። አንድ ብርጭቆ ጭማቂ ለመሙላት ሦስት አራት ብርቱካን ይገባል። ልጅ ሦስት ብርቱካን ልጦ በአንድ ቁጭታ አይጨርስም፣ ጭማቂውን ግን በደቂቃ ይጨልጠዋል። ፍሬውን ስጡት። ጁስ ቤት ከገባችሁ ትንሹን ብርጭቆ «ስኳር አይግባበት» ብላችሁ እዘዙ።

ውሃ፦ ለእያንዳንዱ ልጅ ራሱ የመረጠው ኮዳ ይኑረው። ማታ ተሞልቶ በሩ አጠገብ ይቀመጥ።

*ሳይሳካ ሲቀር፦* ልጁ «ሻዩ አይጥምም» ካለ በዚያ ሳምንት መጠን ላይ ሌላ ሳምንት ቆዩ። ወደ ኋላ አትመለሱ። ቀረፋ ወይም ቅርንፉድ ጣል ማድረግም ይረዳል።

ደረጃ 3፦ ሰዓት አስይዙ፣ ቁልፍ አታስገቡ (5ኛውና 6ኛው ሳምንት)

ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ ከትምህርት ቤት መልስ መክሰስ። ካስፈለገ ረፋድ ላይ ሌላ ትንሽ መክሰስ። በመካከሉ ውሃ። ልጁ ምግብ መቼ እንደሚመጣ ካወቀ ቀኑን ሙሉ ፍሪጅ ሲከፍት አይውልም።

መክሰሱ ሙሉ ምግብ ይሁን፦ ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ እርጎ፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ ዳቦ በለውዝ ቅቤ። ከ5 ዓመት በታች የሆነ ታናሽ ካለ ቆሎና ለውዝ እንዳያንቀው ተጠንቀቁ።

ብስኩትና ቺፕስ በካርቶን አይገዛ። ሲገዛ ለሁሉም አንድ አንድ ይገዛ፣ ተቀምጦ ይበላ፣ ያልቃል። የተረፈ ከሌለ የሚደበቅም የሚቆለፍም የለም።

ስለ መቆለፍ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ቆልፌ አይቼዋለሁ። የብስኩቱን ካርቶን ቁም ሳጥን ውስጥ አስገብቼ ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ያዝኩ። በወሩ አንሶላ ስቀይር ከልጄ ፍራሽ ሥር የብስኩት ላስቲክ አገኘሁ። እያንዳንዱ ተጣጥፎ ተጣጥፎ ጥፍር አክሏል። ቆጠርኳቸው፣ 11 ነበሩ። ልጄ በሩ ላይ ቆማ እጄን ታያለች። 7 ዓመቷ ነበር። «እማዬ፣ ሁለቱ የድሮ ናቸው» አለችኝ።

ቁልፉን የዚያን ዕለት አወጣሁት። የተቆለፈ ምግብ ሲገኝ በፍጥነት፣ በድብቅ፣ ሳይርብ ይበላል። ብስኩቱን የበለጠ እንድትፈልገው ያደረግኋት እኔ ነበርኩ።

*የተደበቀ ምግብ ካገኛችሁ፦* አትጩሁ። «ማን ነው ይሄን የበላው?» አትበሉ። ላስቲኩን ጣሉት። በማግስቱ ያንኑ ብስኩት ከመክሰሱ ጋር በሳህን፣ በግልጽ አቅርቡ፦ «ዛሬ ከሙዙ ጋር ይሄም አለ።» ልጁ ብስኩት እንደማይጠፋ እስኪያምን ጊዜ ይወስዳል። ስጡት ጊዜውን።

ደረጃ 4፦ ገበታው (ከ7ኛው እስከ 10ኛው ሳምንት)

ሥራውን ተካፈሉ። ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት እንደሚበላ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ከቀረበው ምን ያህል እንደሚበላ የሚወስነው ልጁ ነው። የእሱን ድርሻ አትንጠቁት። «ጨርስ» ማለትም «ይበቃሃል» ማለትም መንጠቅ ነው።

*ትሪው።* ከአዋቂ ጋር በአንድ ትሪ የሚበላ ልጅ ምን ያህል እንደበላ እሱም አያውቅም፣ እናንተም አታውቁም። ትሪውን ማስቀረት የለባችሁም። በእሱ በኩል ሩብ ወይም ግማሽ እንጀራ አድርጉለት፣ ወጡም በፊቱ ይውጣለት። ከራሳችሁ በኩል ወደ እሱ መግፋት ይቁም። ሲያልቅበት ይጠይቅ። ሲጠይቅ ያለ አስተያየት ይጨመርለት። «ገና አልጠገብክም?» የሚል ፊት እንኳ አታሳዩት።

*ጉርሻው።* «በሞቴ! አፈር ስሆን! ይቺን ብቻ!» ልጁ ጠግቤያለሁ ካለ በኋላ የሚመጣው ይህ ነው። በፍቅር የተሰጠ ጉርሻ እንቢ አይባልም፣ እሱም ይውጠዋል። እየቆየ መጥገቡን መለየት ያቆማል። ጉርሻን ከልክላችሁ ግን ከአያት ጋር አትችሉም፣ መከልከልም የለበትም። ሰዓቱን ቀይሩት። «እማማ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ እርስዎ ያጉርሱልን። ከዚያ ራሱ ይብላ፣ መጥገቡን ማወቅ ይልመድ» በሏቸው። የሚርበው መጀመሪያ ላይ ስለሆነ ጉርሻው አይጎዳውም። የአያት ክብርም አይነካም። ይህን መላ ካገኘን ወዲህ ቤታችን ውስጥ በጉርሻ የተነሳ ክርክር የለም።

*አትክልቱ።* ልጅ በጣም የሚርበው እራት ከመቅረቡ በፊት ያሉት ደቂቃዎች ላይ ነው። ወጡ እስኪሞቅ የተቆረጠ ካሮት፣ ቲማቲም፣ ቆስጣ ወይም የተቀቀለ ፎሶሊያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። «ብላ» አትበሉ። አስቀምጣችሁ ወደ ሥራችሁ ሂዱ። አዲስ ነገር ከሆነ ልጅ እስኪለምደው 10 ጊዜና ከዚያ በላይ ሊቀርብለት ይችላል። አራተኛው ላይ ተስፋ አትቁረጡ።

*ዘይቱ።* ከጠርሙሱ በቀጥታ ወደ ድስቱ አታንቆርቁሩ። በሾርባ ማንኪያ ለኩ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ አካባቢ ነው። ከምትለምዱት አንድ ማንኪያ ቀንሱ፣ ሽንኩርቱን ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ አቁላሉት። ማንም አያውቅም።

*ቴሌቪዥኑ።* ይጠፋ። ስልክም ከገበታ ይነሳ፣ የአባትም ጭምር።

*ሳይሳካ ሲቀር፦* ልጁ እራቱን ትቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ «ራበኝ» ካለ ተጨማሪ ጣፋጭ አይሰጠው፣ አይቀጣም። የተወውን እራት አሙቃችሁ አቅርቡ። በሁለት ሦስት ቀን ይለምደዋል።

ደረጃ 5፦ ምሳ ዕቃ

እዚህ አጭር ነኝ። የቤቱን ምግብ ጨምሩበት፦ ፍርፍር፣ ሩዝ በምስር፣ እንቁላል በዳቦ። ከጎኑ አንድ ፍራፍሬ፣ ውሃ በኮዳ። የጓደኞቹ ምሳ ዕቃ ውስጥ ቺፕስ ካለና እሱ ፍፁም ከሌለው ይቀማል ወይም ይለምናል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቀኑን ሳታስለምዱት፣ እሱም ይውሰድ።

ደረጃ 6፦ እንቅስቃሴ (ከየትኛውም ሳምንት ጋር ይሄዳል)

ከ5 ዓመት በላይ ላለ ልጅ የሚመከረው በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብ የሚያስመታ እንቅስቃሴ ነው። በአንድ ጊዜ መሆን የለበትም። 15 ደቂቃ አራት ጊዜም ይሆናል።

«ስፖርት ሥራ» አትበሉት። በልቷል ብላችሁም አታስሩጡት። ሩጫ የእንጀራ ቅጣት ከሆነ ልጁ ሩጫንም እንጀራንም ይጠላል።

ኮንዶሚኒየም ላላችሁ ሜዳ የለም፣ ይገባኛል። ግን ደረጃው አለ፣ ኮሪደሩ አለ። ወለሉ ላይ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ ሥሩለት። ገመድ ዝላይ ብዙ ቦታ አይፈልግም። ዝናብ ከሆነ ሙዚቃ ክፈቱና እስክስታ ምቱ፣ እናንተም ጭምር። ድብብቆሽና ሌባና ፖሊስ ለመጫወት ሁለት የጎረቤት ልጅ ይበቃል። ታች ወርዶ ለመጫወት ሥጋት ካላችሁ ከሦስት ቤት ወላጆች ጋር ተራ ግቡ፣ በቀን አንድ አዋቂ ወርዶ ይቀመጥ። ከሁሉ የሚሻለው ግን አብራችሁ መሄድ ነው። ሱቅ፣ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ የሚቻለው ሁሉ በእግር።

*ልጁ ቶሎ የሚደክመው ከሆነ፦* ከእኩዮቹ ጋር አታወዳድሩ። ውድድር የሌለው ጨዋታ ምረጡ፣ በ5 ደቂቃ ጀምሩ።

ደረጃ 7፦ እንቅልፍ

ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በድምሩ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት። ያልተኛ ልጅ በማግስቱ የሚመኘው ጣፋጭ ነው። ስክሪኑ ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ይጥፋ። ስልኩ ሳሎን ይደር።

ነገሩ ከእጅ ሲወጣ ምን ይባላል?

*እንግዳ መጥቶ ልጁ ፊት «ውይ! እንዴት ወፍራለች!» ሲል።* ሰውየው ሙገሳ መስሎት ነው። አትጣሉ፣ ግን በዝምታም አትለፉት። «ቁመቷን አላዩም? አድጋለች! ስዕል መሳልም ጀምራለች፣ አምጪና አሳያቸው» ብላችሁ ወሬውን ወደ ሌላ ውሰዱት። በኋላ ደጅ ስትሸኙ «እሷ ፊት ስለ ሰውነቷ ባናወራ ደስ ይለኛል» በሉ።

*ልጁ «እኔ ወፍራም ነኝ?» ብሎ ሲጠይቅ።* «ኧረ በጭራሽ!» ብላችሁ አትሩጡ፣ ውሸት መሆኑን ያውቃል። ተቀመጡና «ማን እንዲህ አለህ?» በሉ። ሙሉውን ይናገር። ከዚያ «የሰው ሰውነት ልዩ ልዩ ነው፣ ያንተ ደግሞ ገና እያደገ ነው። እንዲህ ብሎ የተናገረህ ልጅ ትክክል አልሠራም» በሉት። ስድቡ የመጣው ከትምህርት ቤት ከሆነ በማግስቱ መምህሩን ለብቻ አግኙ። ይህ ለነገ የማይባል ነው።

*ልብስ ሲጠብ።* «ወፍረህ ነው» አይባል። በልኩ ይገዛ። የጠበበ ልብስ ለብሶ የሚውል ልጅ ቀኑን ሙሉ የሚያስበው ስለ ሆዱ ነው።

*በዓል ሲመጣ።* ምንም አታድርጉ። ዶሮው ይበላ፣ ድፎው ይቆረስ። በማግስቱ ቁርስ በሰዓቱ ይቅረብ። ጾምንም ክብደት መቀነሻ አታድርጉት፣ ልጁ ስለ ሁለቱም የተሳሳተ ነገር ይማራል።

ጊዜ ሳትሰጡ ወደ ሐኪም የሚያስኬድ ነገር

ማታ የሚያንኮራፋና በመካከል ትንፋሹ የሚቆራረጥ ልጅ። በጣም እየጠማው ቶሎ ቶሎ የሚሸና። አንገቱ ወይም ብብቱ ላይ ቆዳው የጠቆረና የወፈረ፣ ታጥቦ የማይለቅ። ብዙ ሰው እድፍ መስሎት ልጁን ያሻሸዋል፣ እባካችሁ አታሻሹት። የሚያነክስ ወይም ዳሌውንና ጉልበቱን የሚያመው። ክብደቱ እየጨመረ ቁመቱ ግን የቆመ። ተደጋጋሚ ራስ ምታት ያለበት። በልቶ የሚያስመልስ፣ ወይም ምግብ የሚፈራና በፍጥነት የከሳ። መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ ክብደቱ የዘለለ ካለም ለሐኪሙ ንገሩት፣ በራሳችሁ ግን መድኃኒቱን አታቋርጡ።

በ3ኛው ወር፦ መለካት

ሚዛን ቤት ውስጥ አይኑር። በሦስት ወሩ እንደ መጀመሪያው በሌላ ጉዳይ ስትሄዱ አስለኩ። ክብደቱ ባለበት ከሆነና ቁመቱ ከጨመረ መንገዱን ይዛችኋል፣ ምንም አትጨምሩ። ከፍ ማለቱን ከቀጠለ የደረጃ 1ን ማስታወሻ አውጡና ሦስት ቦታ ፈልጉ፦ አያት ቤት የሚጠጣው፣ ከትምህርት ቤት በር ላይ በኪስ ገንዘቡ የሚገዛው፣ ማታ ስልክ ይዞ የሚበላው። አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። እዚያ አንዱ ላይ ብቻ ለአራት ሳምንት ሥሩ። ሦስቱም ከሌሉ ሐኪሙን አማክሩ።

የተለካበትን ወረቀት ልጁ በማያገኘው ቦታ፣ ከክትባት ካርዱ ጋር አስቀምጡ። ፍሪጅ ላይ አይለጠፍ።